የዋስ መደብ

ጋሼ አጥናፉ እሁድ እሁድ ጠዋት ከቤቱ የሚወጣው ለመተኛት ነበር።

ገላውን ይታጠባል፤ ጢሙን ይላጫል፤ ራሱ የሰፋውን ነጭ ኮትና ሱሪ ይለብሳል። ነጭ ከላይ ሲታይ ከአሸዋ ጋር አይምታታም። ቁርስ አይቀምስም። የጠገበ ዋስ ያገሳል፣ ያስነጥሳል፣ ሌላም ነገር ይመጣበታል ተብሎ ሐሙስ ሐሙስ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ተነግሮታል። ሚስቱ እትዬ አስካለ እስከ በር ትሸኘዋለች።

"ደህና ተኛ" ትለዋለች።

"እሺ" ይላል፤ ይሄዳል።

ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር እስከ ደቻቱ ወንዝ በእግሩ ይወርዳል። ወንዝ የምንለው ከአፍ ልማድ ነው፤ ደቻቱ ውሃ ካየ የድሬ ልጆች አድገው ልጅ ወልደዋል። አሁን አሸዋው የሞተር ሜዳ ነው። በመንገዱ ያገኘው ሰው ሁሉ ሰላም ይለዋል፤ ሰላም የሚለው ሁሉ ግራ እጁ ላይ አምባር አስሯል። ፀጉር አስተካካዮች በውድድሩ ሰዓት ምላጭ አይዙም። ሾፌር የሚባል ሙያ ስለቀረ በመኪና በኩል ችግር የለም።

ከተማችን ፍርሃት ያለቀባት ከተማ ናት። በሽታ ሳይመጣ ይነገራል፤ መኪና ከመኪና አይጋጭም፤ ሌባ ሳይሰርቅ ይያዛል። ደስ ይላል። ነገር ግን ሰው ያለ ፍርሃት ሲኖር ኑሮው ጨው እንዳነሰው ወጥ ይሆንበታል፤ ባልና ሚስት እየተያዩ ያዛጋሉ። ስለዚህ ፍርሃታችንን ከአሸዋ ሞተረኞች እንዋሳለን። ሞተረኛው መንደርደሪያውን ወጥቶ አየር ላይ ሲሆን የእሱ ልብ በሚመታው ልክ በአምባሩ በኩል የከተማው ልብ ይመታል፤ የእሱ ጉሮሮ ሲደርቅ የሁላችንም ይደርቃል። መጠኑ በሜዳው ሰሌዳ ላይ በቁጥር ይወጣል። ሰኞ በየመሥሪያ ቤቱ የሚወራው እሱ ነው። በሠርግ ዘፈን ውስጥ የሚገባው የሞተረኛ ስም ነው። ልጆች በየሰፈሩ ሲጫወቱ አንዱ ሞተረኛ ይሆናል፣ አንዱ ይተኛል።

ያስቸገረው ሰው መልመዱ ነው። በፊት ዝላዩን ከፍ አደረጉት፤ ሞተረኞቹ ለመዱት። ከሥሩ እሳት አነደዱ፤ እሳትም ተለመደ። ቁጥሩ ወረደ፤ ሰው አምባሩን እየፈታ ወደ እንቅልፉ ተመለሰ። የሞተር ማኅበሩ ዋሶችን ያስታወሰው ያኔ ነው። ሞተረኛም እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ሲገባ ዋስ ይጠራል፤ የዋሱ የትዳር ጓደኛም ትስማማለች። ይኼ ድሮም ያለ ነገር ነው። መጀመሪያ ዋሱ መጥቶ ውድድሩን እንዲያይ ተጠየቀ። ቀጥሎ ከማረፊያው ጎን ወንበር ተሰጠው፤ ክብር ነው ተባለ። ቆይቶ ወንበሩ ወደ ውስጥ ገባ። የተቀመጠ ሰው ራሱ ከፍ ስለሚል ደግሞ ተኛ ተባለ። በየጊዜው የተጨመረችው ነገር ትንሽ ስለነበረች ለእሷ ብሎ የተጣላ አልነበረም።

ዛሬ በመንደርደሪያውና በማረፊያው መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ ረጅም የድንጋይ መደብ ተዘርግቷል። መሀሉ ላይ በኖራ የተሰመረች መስመር አለች። ዋሱ እዚያች መስመር ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ሞተሯ በላዩ ታልፋለች። ዋሶች እድር አላቸው። የእድሩ ድንኳን ሜዳው አጠገብ ሁልጊዜ እንደተተከለ ነው፤ መትከልና ማፍረሱ ሰልችቷቸው ትተውታል።

አጥናፉ ዋስ የሆነው ለሂንዲያ ነው። ሂንዲያ የዩያ ልጅ ናት። ዩያ መካኒክ ነበር፤ ጋራዡ ከአጥናፉ የልብስ ስፌት ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በጅቡቲ መንገድ ላይ ከሞተሩ ወድቆ ሲሞት ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር፤ እናቷን ቀድሞውንም አታውቃትም። አጥናፉና አስካለ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሂንዲያ ግቢያቸው ገባች። "ግቢ" ያላት የለም፣ "ውጪ" ያላትም የለም። ከእሷ ጋር የአባቷ ሞተር ገባች፤ ቀይ ታንከር ያላት፣ ነዳጅ የምትጠጣ፣ የምትጮህ የድሮ ሞተር። የዛሬዎቹ ሞተሮች ድምፅ የላቸውም። አርብ ከሰዓት ሂንዲያ ያቺን ሞተር ስታስነሳት የሰፈሩ ሰው ጭሱን ሊያሸት አጥሩ ላይ ይንጠለጠላል።

አድጋ ሞተረኛ ልትሆን ስትነሳ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ላይ መጥታ ቆመች።

"ጋሼ፣ ዋስ አጣሁ" አለች።

አጥናፉ ከስፌት መኪናው ቀና አለ። አጠገቡ ሱሪ ለማሳጠር የመጡ ደንበኞች ቆመዋል፤ ሁሉም ዞረው አዩት። በእኛ አገር በሰው ፊት "ዋስ ሁነኝ" የተባለ ሰው እምቢ ማለት ከፈለገ መጀመሪያ አገር መቀየር አለበት።

"እኔ እያለሁ?" አላት።

ማታ አስካለ ራቱን ካቀረበች በኋላ ጠየቀችው። "እኔ ባልስማማስ?"

"ሰው ምን ይለናል?"

አስካለ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና ተስማማች።

የሂንዲያ የመጀመሪያ እሁድ በድሬ ይታወሳል። መንደርደሪያውን ስትለቅ ከተማው በሙሉ አብሯት ደነገጠ። ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶች ጣታቸውን ቆረጡ፤ መስጊድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይነጋገር የነበረ ሽማግሌ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። እንዲያ ያለ ፍርሃት ሰሌዳው ላይ ወጥቶ አያውቅም። ለራሷ የፈራችው አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ መደቡ ላይ ለተኛው ሰው ነበር። "እንዴት ብትወደው ነው!" ተባለ። ከዚያ ቀን በኋላ አጥናፉ በሠርግ ቤት ከፊት የሚቀመጥ ሰው ሆነ። ሴቶች ልጆቻቸውን አስይዘው አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። በሕይወቱ ሙሉ የሰው ቁመት ሲለካ የኖረ ሰው፣ የእሱ ልክ ደግሞ በየእሁዱ ለከተማ ይነገር ጀመር።

እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። ከዝላዩ በኋላ ሞተረኛው ዋሱን በእጁ ማንሳት ወግ ነው። ሂንዲያ የራስ ቁሯን አውልቃ ወደ መደቡ ትወርዳለች፤ ሁለት እጁን ይዛ ታስነሳዋለች። ከዚያ "ዞር በል ጋሼ" ትለዋለች፤ ይዞራል። ጀርባው ላይ የተጣበቀውን አሸዋ በመዳፏ ታራግፍለታለች፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ፣ ቀስ እያለች። ይኼ ሰሌዳው ላይ አይወጣም።

ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ከክረምት በኋላ ነው። በየእሁዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል። አጥናፉ መጀመሪያ አላስተዋለም፤ ያስተዋሉለት ሌሎች ናቸው። ታይዋን ገበያ ውስጥ በርበሬ የምትሸጠው ከዲጃ ናት በሰው ፊት የነገረችው።

"አቦ አጥናፉ! ልጅቷ ተወችህ እንዴ?" አለችው፤ ያለ የሌለውን ገበያተኛ እየጠራች። "ትናንት ስትዘልህ እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ወላሂ ልጣጩ እንኳ አልተቆረጠብኝም!"

ሰው ሳቀ። አጥናፉም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ገብቶ ግን ራት አልበላም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፊት ወንበር ቀረ። ሰላምታው አልቀረም፤ ሰላምታው ውስጥ ግን ሐዘኔታ ገባበት። ሰው ሚስቱ የኮበለለችበትን ባል እንደሚያየው ያዩት ጀመር። "አይዞህ፣ ልጅ ነገር እንዲህ ነው" ይሉታል። ድሬ ጨዋታ ትወዳለች፤ ክፋቷ ግን ከጨዋታዋ ጋር ተለውሶ ነው የሚመጣው።

ሂንዲያ የተቀደደ የጉልበት መከላከያ ይዛ ስፌት ቤቱ መጣች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማንም አትንገር።"

"ንገሪኝ።"

"ቁጥሬ ሰሌዳው ላይ ካለው ቀይ መስመር በታች ከወረደ ያሰናብቱኛል። እኔ ከተሰናበትኩ ዋሴም ይሰናበታል። ሌላ መውጫ የለንም፤ ሁሉንም ጠይቄአለሁ።"

አጥናፉ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ።

"እና አልፈራም" አለች። "እየተለማመድኩ ነው። ሌሊት ሌሊት አልጋዬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ እዘልሃለሁ። የት እንደምትተኛ እጄ ያውቀዋል። እዚያች መስመር ላይ እስካለህ ድረስ አልነካህም፤ ስለማልነካህ አልፈራም። ድሮ ስፈራ ነበር አደጋው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ!"

"ሞተሩንስ? ትተይዋለሽ?"

"የአባቴ አለችኝ" አለች። ቀጠለችና፣ "ሰው የሚለውን አትስማ። ሀዬ?" አለችው።

"ሀዬ" አለ አጥናፉ።

ማታ ለአስካለ ነገራት። አስካለ ደስታዋ ፊቷ ላይ ወጣ፤ ወዲያው ግን ባሏን አየችውና ጠፋ።

"ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

"አንተ ሰውዬ! ልጅቷ ልታወጣህ ነው!"

"ገብቶኛል" አለ። "ግን እነ ከዲጃ ይኼን አያውቁም። አይነገራቸው ነገር። ስንባረር እኮ 'ያልተወደደው' እየተባልኩ ልኖር ነው። እስክሞት።"

"ካልተወደድክ ትኖራለህ፤ ምን አለበት?" አለች አስካለ። እሱ ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

ዋስ መስመሩን ለቆ ወደ ማረፊያው እንዳይጠጋ የሚከለክል ደንብ የለም። ማን ያደርገዋል ተብሎ? አጥናፉ በሚቀጥለው እሁድ ከመተኛቱ በፊት አሸዋ የሚያራግፍ መስሎ አንድ ክንድ ያህል ተጠጋ። ሂንዲያ መደቡን የምታየው መንደርደሪያውን ከለቀቀች በኋላ ነው። ነጩን ልብስ ባልለመደችው ቦታ ስታየው ከተማው ጮኸ። የሞተሯ የኋላ ጎማ ከጫማው አጠገብ አረፈ። ቁጥሩ ወደ ሰማይ ወጣ።

ወረደች። አሸዋውን አላራገፈችለትም፤ በሁለት እጇ ኮቱን ያዘች።

"ለምን ተነቃነቅክ?"

"አዳለጠኝ።"

"ጋሼ፣ አትዋሸኝ። የማውቀው ያቺን መስመር ብቻ ነው። ከለቀቅካት ምንም የማውቀው ነገር የለም። ገባህ?"

"ገብቶኛል። ሁለተኛ አይለምደኝም።"

ከልቡ ነበር ያለው። ይኼን የሚጠራጠር ሰው አጥናፉን አያውቀውም። ነገር ግን ሰኞ ታይዋን ሲገባ ከዲጃ ከመቀመጫዋ ተነሳችለት። ማክሰኞ የሠርግ ጥሪ መጣ። ሐሙስ ትምህርት ላይ ሌሎቹ ዋሶች ዘዴውን ሊጠይቁት ከበቡት። ቅዳሜ የማኅበሩ ሰው ሚኪያስ ስፌት ቤት ድረስ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ እኛ ምንም አላየንም፤ ምንም አልንም። ደስ ያለህ ቦታ ተኛ" ብሎት ሄደ። ሚኪያስ ሁልጊዜ ፈገግ ያለ፣ ሽቶ የማያበዛ፣ የሰው ስም የማይረሳ ጥሩ ልጅ ነው።

እሁድ ጠዋት አስካለ በር ላይ እጁን ይዛ ቆየች። "መስመሩ ላይ" አለችው።

"መስመሩ ላይ" አለ።

ሁለት ክንድ ተጠጋ።

የሆነውን ሁላችንም በአምባራችን አውቀነዋል። መጀመሪያ ፀጥታ ነበር፤ መንደርደሪያው ጫፍ ድረስ ልቧ የተኛች ነበረች። ከዚያ አየችው። እጇ ሲንቀጠቀጥ በእጃችን ተሰማን። መሪዋን ልታዞር ሞከረች፤ አየር ላይ የሚዞር ነገር የለም። እሱ ላይ ካረፈች በኋላ የመጣውን ስም የሚሰጠው አላገኘንም። ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው ራሱን ስቶ ወደቀ። ሰሌዳው ጠፋ፤ ተመልሶ ሲበራ ቁጥር አልነበረውም።

ማታውን በሁሉም ቤት ስለ አንድ ነገር ነበር የሚወራው። "እንዴት ትወደው ኖሯል! እኛ ደግሞ ሐሜተኞች!" ከዲጃ ደረቷን መታች። አጥናፉ ይኼን ቢሰማ ደስ ባለው ነበር። ይኼን የምጽፈው ልቀልድ ብዬ አይደለም።

የእድሩ ድንኳን እንደተተከለ ስለነበር ለቅሶው ጊዜ አልፈጀም። ሰው አምባሩን እንዳሰረ መጣ። አሁን ለቅሶ ላይ አልቃሽ አያስፈልግም፤ ያቺን ቅጽበት መልሰው ይከፍቷታል፤ ድንኳኑ በአንድ ላይ ያለቅሳል፤ ሲበቃቸው ይዘጓታል፤ ንፍሮ ይበላል። አስካለ አምባር አስራ አታውቅም። በደረቅ ዓይን ጥግ ላይ ተቀምጣ የባሏን ሞት የሚቀምሱትን ስታይ ዋለች። አንዳንዱ ሁለተኛ ይክፈቱልን ይል ነበር።

ሂንዲያ አስካለ እግር ሥር ተደፍታ ነበር። "እትዬ፣ ይቅር በዪኝ። እትዬ፣ እኔ ነኝ" ትላለች። ሌላ ቃል አልነበራትም። አስካለ የልጅቷን ራስ እያሻሸች "አንቺ አይደለሽም፤ አንቺ አይደለሽም" ትላታለች።

ሚኪያስ መጣ፤ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ነበር። አጠገቧ በርከክ አለ።

"እትዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። በዚህ ሰዓት የሚነሳ ነገር አልነበረም። ዋስትናው ወደ አንቺ ዞሯል። ያኔ ተስማምተሻል።"

"አውቃለሁ።"

"ከሠልስት በኋላ ያለው እሁድ ይመችሻል? ሰው በጉጉት ነው የሚጠብቀው። ልጅቷ እንዲህ ሆና... ታይቶ አይታወቅም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነጭ ልብስ እኛ እናመጣለን።"

አስካለ ወደ ሂንዲያ አየች። የልጅቷ እጆች ምንጣፉ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። እነዚያ እጆች በዚያ ሁኔታ እሁድ መሪ ቢይዙ የሚሆነውን ለማወቅ ሐሙስ ትምህርት መግባት አያስፈልግም። አስካለ ለራሷ ብዙም አልፈራችም፤ የደከማት ሴት ነበረች። ግን ልጅቷ ሁለተኛ ሰው ገድላ መኖር አትችልም። ካልዘለለች ደግሞ ማኅበሩ ዋሷን ይዞ ይቆያል፣ እስክትዘል። ሂንዲያ ራሷ ያገኘችው አንድ መውጫ ብቻ ነበር፤ አለመፍራት። የምትወደውን ላለመፍራት ወራት ፈጅቶባታል። አሁን ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። በጥቂት ቀን ሰውን ከፍርሃት የሚያወጣ ነገር አንድ ብቻ መሆኑን አስካለ አሰበች። ከዚያ ተነሳችና አሮጌ ብረት የሚገዛው ቁራሌው የት እንዳለ ጠየቀች።

በሠልስቱ ቀን ሂንዲያ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ደረሰች። ከምግብ በፊት የሚያስታጥቡት የእድሩ ሰዎች አዲስ ማስታጠቢያ ይዘው ነበር፤ ቀይ፣ ሆዱ የተነፋ። እጇን ዘረጋች። ውሃው ወረደላት፤ ታጠበች። እጇን ስታደርቅ ነው ያየችው። ማስታጠቢያው የአባቷ ሞተር ታንከር ነበር፤ አፉ ተቆርጦ ቧንቧ ተበይዶበታል። በታንከሩ ጎን ዩያ በምስማር የጫረው የእሷ ስም አለ።

እየሮጠች ገባች። "እትዬ! ሞተሬ!"

"አዎ" አለች አስካለ። ንፍሮ እየለቀመች ነበር። "ማስታጠቢያ አነሰ። ሌላውን ቁራሌው ወስዶታል።"

"ለምን?"

"ግቢ አጣበበኝ።"

ንፍሮ የሚበላው ሁሉ ዞረ። ሂንዲያ ተንበረከከች። "ይገባኛል" አለች እያለቀሰች። "ልክ ነሽ እትዬ። ከዚህም በላይ ይገባኛል።"

አስካለ ቀዘቀዘች። ልጅቷ ጥፋቱን ሁሉ ተቀብላ ልትተኛበት ነው፤ እንዲህ ያለችው ልጅ እሁድ መንቀጥቀጧ አይቀርም። ይኼ አልበቃም። አስካለ ከዚህ በታች የቀረውን አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በምድር ላይ ከእሷ በቀር የዓይን ምስክር አልነበረውም።

ዩያ የሞተ ጠዋት አጥራቸው ላይ ተደግፎ ቡና ጠጥቷል። ጅቡቲ ሄዶ ለሂንዲያ ትንሽ ቀይ የራስ ቁር ሊገዛ ነበር፤ የጭንቅላቷን ልክ ከአጥናፉ ተቀብሎ በኪሱ ይዟል። "ለእሷ እንዳትነግሩብኝ" ብሎ ስቆ ነው የሄደው። ሂንዲያ ስታድግ ይኼን ነግረዋታል። በክፉ ቀን ሁሉ የምትመረኮዘው እሱን ነበር።

"የራስ ቁሩን ነገር እናውራ" አለች አስካለ ጮክ ብላ፤ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ። "አጥናፉ ነው ያን የፈጠረልሽ። አንጀቱ አልችል ብሎት። አባትሽ ምንም ሊገዛልሽ አልሄደም። ጥሎሽ ነበር የሚሄደው። ሻንጣውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። 'ይቺ ልጅ ከበደችኝ' ነው ያለኝ።"

"ውሸት ነው።"

"ለምን ልዋሽሽ? አጥናፉም ቢሆን ሰው እንዲያወራለት ነው የሞተው፤ ለአንቺ አይደለም። የወደደሽ ሰው የለም፣ ሂንዲያ። እኔም ለይሉኝታ ነው ያሳደግኩሽ።"

ውሸት ነበር። አስካለ ስትናገረው ምላሷ ላይ እንደ ሬት መሮ ነበር። ግን ዓይኗን ከልጅቷ ፊት አላነሳችም፤ የምትፈልገው ነገር እስኪመጣ ጠበቀች። መጀመሪያ እንባው ቆመ። ቀጥሎ እጆቹ መንቀጥቀጥ አቆሙ። ከዚያ ሂንዲያ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ በፊት በዚያ ዓይን ማንንም አይታ አታውቅም። ተነስታ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቀዩን ማስታጠቢያ ከአስታጣቢው እጅ ነጥቃ ይዛው ሄደች።

"ጨካኝ!" አለች ከዲጃ። "የልጅ አምላክ ይይልሽ!"

አስካለ ንፍሮውን መልቀሟን ቀጠለች።

እሁድ ደቻቱ በሰው ሙሉ ነበር። ከሐረር፣ ከአወዳይ ድረስ ሰው መጥቷል። አስካለ በነጩ ልብስ መደቡ ላይ፣ በኖራዋ መስመር ላይ በጀርባዋ ተኛች። ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ ያቃጥል ነበር። ዋስ አምባር ማሰር ክልክል ነው፤ እሷ ግን የጎረቤት አምባር ተውሳ ቀሚሷ ሥር ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስራለች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የልጅቷን እጅ አስቀድማ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ሞተሯ ድምፅ ስለሌላት መነሳቷን ያወቀችው በቁርጭምጭሚቷ ነው። ፍርሃት ፈለገች፤ የለም። ሐዘን ፈለገች፤ እሱም የለም። የመጣው ቀዝቃዛ፣ ቀጥ ያለ ነገር ነበር፤ ምንም የሚወዛወዝ የለበትም። ልጅቷ ትጠላታለች። በሙሉ ልቧ። አስካለ እፎይ አለች፤ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ አንዳች ነገር ደረቷን ሰነጠቃት፤ ጥርሷን ነክሳ እንዳትነቃነቅ ራሷን ያዘች። ጥላው በላይዋ አለፈ። ሞተሯ ከእሷ ርቃ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ እንደ ላባ አረፈች።

ሰሌዳው ላይ የወጣው ቁጥር ከቀዩ መስመር በታች ነበር። ሕዝቡ ለአፍታ ግራ ተጋባ፤ አምባሩን እየነካካ ተያየ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። "ገንዘባችንን!" ይላል አንዱ። "ልብ የላትም!" ይላል ሌላው። ሚኪያስ በፈገግታ ማይኩን ይዞ ሂንዲያ ዩያና ዋሷ ከዛሬ ጀምሮ መሰናበታቸውን ተናገረ። ወዲያው ቀጣዩን ሞተረኛ ጠራ፤ ቀጣዩ ዋስ ከመደቡ ራስጌ ቆሞ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ሂንዲያ የራስ ቁሯን አውልቃ ወደ መደቡ ወረደች። ወጉ ነው። አስካለ ተኝታ ፊቷን ከታች ወደ ላይ አየችው። ቀጭን፣ የተረጋጋ ፊት ነበር። እጇን ትንሽ ከድንጋዩ አነሳችላት፤ ያን ያህል ብቻ።

ሂንዲያ የተነሳውን እጅ አየችው። ከዚያ ዞራ በአሸዋው ላይ በእግሯ ሄደች፤ በለገሃር በኩል፣ ባቡር ወደሚሳፈሩበት። ወደ ኋላ አላየችም።

አሁን ቢጠሯት፣ እውነቱን ቢነግሯት፣ ፍርሃቷ ተመልሶ ቁጥሯ ከቀዩ መስመር በላይ ይወጣል፤ ማኅበሩም ነገ ጠዋት በራቸው ላይ ይቆማል። አስካለ ይኼን ታውቃለች። አልጠራቻትም።

"እናት፣ ተነሺ እንጂ፤ ተራ አለብን" አላት ጫማውን ያወለቀው ዋስ።

በክርኗ ተደግፋ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች፤ እጅጌዋን አራገፈች፤ ትከሻዋን አራገፈች። ጀርባዋ ላይ የቀረው አሸዋ ግን እጇ አልደረሰበትም።